የበድሪ በረካ

አብዶ ከታሰረ በኋላም ውሃው መጥፋቱን አልተወም። በድሪን ክው ያደረገው ይኸው ነበር።

በድሪ ለጦሩ ስንቅ የምታመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ አብዶ ደግሞ ለዓመታት ከአንድ ትሪ አብሮት የበላ ረዳቱ። መኪናዋ ከቦርደዴ ተነስታ የአሰበ ተፈሪን ዳገት በጀመረች ቁጥር ሞተሯ ይግላል፤ ራዲያተሩ ሲከፈት ባዶ። ከሥር ጎንበስ ብለው ቢያዩ ጠብታ የለም። እንግዲህ ውሃ እግር የለው፣ ሰው ካልቀዳው የት ይሄዳል? በድሪ እንዲህ ብሎ አሰበ፤ አንዴ አሰብኩ ካለ ደግሞ የሚመልሰው የለም። ቀበሌ ገብቶ «ረዳቴ ውሃ እያፈሰሰ ስንቁን መንገድ ሊያስቀር ነው» አለ። ጊዜው የሶማሊያ ጦርነት ነው፤ አሻጥር የምትባል ቃል ከአፍ ከወጣች አትመለስም። አብዶን ማን እንደጠቆመበት ሳይነግሩት ከምሳው ላይ አንስተው ወሰዱት። በድሪም «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብሎ ራሱን አጽናና።

ጠራለት! ራዲያተሩን በገዛ እጁ ሞልቶ፣ ክዳኑን በገዛ እጁ ጠምዝዞ፣ ከመኪናዋ ዞር ሳይል ብቻውን ሲነዳ፣ ዳገቱ ላይ እንፋሎቷን ለቀቀችው። እንደምንም አስታግሶ ከተማ አስገባትና ጋሽ ዘገየ ጋራዥ አሳደራት።

ጋሽ ዘገየ ምራቃቸውን የዋጡ መካኒክ ናቸው። ጠዋት የራዲያተሩን ጎማዎች ዳበሱ፣ ፓምፑን አዩ፣ ሥር ሥሩን በጨርቅ ጠረጉ። ሁሉም ደረቅ ነው።

«ዘይቱስ?» አሉ።

«እሱን እንኳ አይንኩብኝ ጋሼ» አለ በድሪ ፈገግ ብሎ። «ዘይቱ በረካ አለው። ከጨመርኩበት ስንት ጊዜዬ! ወላሂ፣ መለኪያውን ባወጣሁ ቁጥር ከፍ ብሎ ነው የማገኘው። እናቴ ዱዓ አድርጋበታለች።»

«ይጨምራል ነው የምትለኝ?»

«ይጨምራል!»

ጋሽ ዘገየ አልሳቁም። ጣሳ ይዘው ከመኪናዋ ሥር ገቡና የዘይት ማፍሰሻውን ብሎን ፈቱት። መጀመሪያ የወረደው ዘይት አልነበረም። ውሃ ነበር። ውሃው ወርዶ ወርዶ ሲያበቃ፣ ወተት የገባበት ቡና የመሰለ ዘይት ተከተለው።

«ውሃህ ይኸውልህ» አሉ እዚያው ተኝተው። «ውሃውን ከዘይቱ የሚለየው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል። ውሃው ወደ ዘይቱ ይወርድና ሥር ይተኛል፣ ዘይቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። በረካ ያልከው እሱን ነው። ከዚች መኪና አንዲት ጠብታ አልወጣችም።»

«ሱብሃነላህ!» አለ በድሪ። «አንዲት ጠብታ?»

«አንዲት።»

«ታዲያ አብዶ…»

ጣሳውን አንስቶ ሮጠ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱም ይሰድቡኝ፣ ይግረፉኝ፣ በሱ ቦታ ይሰሩኝ፣ ብቻ አብዶን ይፍቱልኝ እያለ ሮጠ። የቀበሌው ሊቀመንበር በር ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ውሃው ተገኘ! ሞተሩ ውስጥ ነበር! ማንም አላፈሰሰውም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። በአላህ ይፍቱት!»

ሊቀመንበሩ ጣሳውን አየና ሳቀ። «ምን ነካህ በድሪ? ሰውየው እኮ ትናንት አምኗል።»

«ምኑን?»

«ማፍሰሱን ነዋ! የት የት እንዳፈሰሰ ሳይቀር ዘርዝሮ ፈረመ። ዛሬ ማለዳ ወደ ሐረር ላክነው።»

በድሪ ጣሳውን መሬት አስቀመጠ። ሊቀመንበሩ ለራሱ የፈራ መሰለውና ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው።

«አይዞህ፣ ባንተ አልመጣም። መጀመሪያማ ምንም አላፈሰስኩም ብሎ ድርቅ ብሎ ነበር። ‹እንግዲያው ሾፌሩ ነው፣ እሱን እናምጣው› ስንለው ነው ያመነው። ‹በድሪን አትንኩት፣ ልጆች አሉት፤ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ› አለ።»