የተሸነፈበት ቅጂ

ወንድሜ ታኩማ ባሸነፈ ቁጥር ጎረቤታችን ሳኩጂ ከፖም መጋዘኑ ጀርባ አንዲት ርችት ይተኩሳል። ታኩማ ቶኪዮ ውስጥ የሱሞ ታጋይ ነው፤ ከመንደራችን እዚያ ደረጃ የደረሰ ሌላ ሰው የለም። ውድድር በሚኖርበት ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ ሲያፈጥ አባቴ ብቻ መሰላሉን ተሸክሞ ወደ ፖም ዛፎቹ ይወጣል። ርችቷ ከጮኸች ልጁ አሸንፏል። ካልጮኸች ዝም ብሎ የተጨናነቀውን ፍሬ እየለቀመ ማሳሳቱን ይቀጥላል።

አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ ቶኪዮ ድረስ ሄዶ በዓይኑ አይቶታል። የዚያን ቀን ታኩማ ወድቆ ጉልበቱ ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ አባቴ "የኔ ዓይን አይበጀውም" ይላል። ትምህርቴን ጨርሼ ከሆላንድ የተመለስኩ ሰሞን ይህን ነገር ላስተወው ሞክሬ ነበር። ጉልበት በዓይን እንደማይሰበር እየደጋገምኩ ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝና፣

"አንቺ የተማርሽበት አገር ሱሞ አለ?" አለኝ።

የለም አልኩት። ወሬው በዚያው ተዘጋ።

ዲቪዲ መቅጃ እንግዛ ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው። የተቀዳ ነገር ያለፈ ነገር ስለሆነ ዓይኑ እንደማይደርስበት ነገርኩት። እኔ ራሴ የማላምንበትን ነገር ለማስረዳት እንዲህ መድከሜ ገርሞኛል። አባቴ ግን ጥቂት አሰበና ጫማውን ሊያደርግ ተነሣ።

ሱቅ ውስጥ ሻጩ አንዱ መቅጃ የድሮ ካሴትም እንደሚያጫውት፣ አንዱ ዲስክ ላይ ብቻ እንደሚቀዳ፣ ሌላው ደግሞ ሆዱ ውስጥ ብዙ ቀን የሚያስቀምጥ ሃርድ ዲስክ እንዳለው ዘረዘረልን። እናቴ ሪሞቱ ላይ ቁልፍ ያልበዛበትን ፈለገች። አባቴ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ሽንፈቱን ለይቶ ማጥፋት ይችላል?"

ሻጩ እንደ ቀልድ አልወሰደውም። ማሽኑ ማን እንዳሸነፈ እንደማያውቅ፣ ባለ ሃርድ ዲስኩ ላይ ግን ባለቤቱ የማይፈልገውን ቀን ለይቶ መሰረዝ እንደሚችል አስረዳ። እሱኑ ይዘን ወጣን።

ከዚያ ወዲህ ጣቢያውንና ሰዓቱን የምሞላው እኔ ሆንኩ። ርችት በተሰማበት ቀን አባቴ ከዛፉ ወርዶ እጁን ይታጠባል፤ ቴሌቪዥኑ ፊት ተንበርክኮ ይቀመጥና ልጁ ሲያሸንፍ ያያል። ርችት ባልተሰማበት ቀን እሱ ሳይገባ እሰርዘዋለሁ። እናቴ ከወጥ ቤት አንገቷን አውጥታ የተበላሸ ምግብ የምንደብቅ ይመስል "አጠፋሽው?" ትለኛለች በሹክሹክታ።

በግንቦቱ ውድድር የታኩማ ጉልበት ባሰበት። ሆኖም እስከ መጨረሻው ቀን ዋዜማ ድረስ ያሸነፈውና የተሸነፈው እኩል ነበር። በመጨረሻው ቀን ከተሸነፈ ደመወዝ ወደሌለው ደረጃ ይወርዳል፤ ከወረደ ደግሞ ጸጉሩን ቆርጦ ሱሞን እንደሚተው ከተናገረ ቆይቷል። በዋዜማው ደወለልኝ። ስለ ውርጩ፣ ስለ እናታችን ወገብ ጠየቀኝ። ከዚያ አባባ ያየኛል ወይ አለ። ያሸነፍክባቸውን ቀኖች ሁሉ ያያል አልኩት።

"ጉልበቴ ከተጎዳበት ቀን ወዲህ ስሸነፍ አይቶኝ አያውቅም ማለት ነው?"

"አያውቅም።"

"ኩሚ፣ እኔ እኮ አብዛኛውን ጊዜ የምሸነፍ ሰው ነኝ" አለ ሳቅ ብሎ። "የሚያውቀው ጥቂቱን ነው ማለት ነው። ነገ ብሸነፍም አታጥፊው፣ እሺ?"

በማግስቱ መቅጃው ላይ ሰዓቱን ሞልቼ ጠበቅኩ። ርችት አልተሰማም። አባቴ ከወትሮው ይልቅ መሰላሉ ላይ ቆየ። ሲገባ የመታጠቢያው ውሃ መሞቁን ጠየቀ። እናቴ እኔን አየችኝ።

"አባዬ፣ የዛሬውን አላጠፋሁትም" አልኩት። ታኩማ ያለኝንም ነገርኩት፣ አንድም ቃል ሳላስቀር። ፎጣውን እንደያዘ ቆመ። ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ ብነግረው ይሻል ነበር ይሆን ብዬ አሰብኩ። እሱ ግን ቀስ ብሎ ተንበረከከ።

"ክፈቺው።"

አጭር ነበር። ታኩማ እንደ ሱሞ ወግ ጨው በተነ፣ ተፈናጥሮ ገባ፣ በግራ እጁ የሰውዬውን መቀነት ያዘ፣ እስከ መታገያው ክብ ጠርዝ ድረስ ገፋው። እዚያ ጉልበቱ ከዳው፤ ጎኑን መሬት መታው። አባቴ የገዛ ጉልበቱን ጨበጠ። ታኩማ ተነሣ። ክንዱ ላይ የተጣበቀውን አፈር ሳያራግፍ ወደ ቦታው ተመለሰና ለጣለው ሰው ዝቅ ብሎ፣ ሳይቸኩል እጅ ነሣ።

አባቴ ሪሞቱን ከእጄ ወሰደ። ነክቶት አያውቅም ነበር።

"ወደ ኋላ የሚመልሰው የቱ ነው?"

አሳየሁት። እጅ የነሣበት ላይ መለሰው፤ አየና ደግሞ መለሰው። ከዚያ ታኩማ ሰውዬውን ጠርዙ ላይ ያደረሰበት ላይ አቆመው። "ይዞት ነበር እኮ" አለ፣ ለማናችንም ሳይሆን።

ስልክ ስንደውል ሁልጊዜ እናቴ ናት የምትቀድመው። ያን ቀን እሱ ቀደመ።

"አየሁት" አለ።

ከወዲያ የታኩማ ድምፅ በቀጭኑ ተሰማኝ። "የቱን?"

"የዛሬውን።"

"ጉልበቴ ከዳኝ፣ አባባ።"

"አይቻለሁ። ግራ እጅህ ጥሩ ነበር። ከወደቅክበት አነሣስህም፣ እጅ አነሣስህም ጥሩ ነበር።"

እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን ያልቆሸሸ ሰሃን ማጠብ ጀመረች። ታኩማ አፍንጫውን ጠረገ፤ ፍሬው ከተባይ እንዲጠበቅ ዛፉ ላይ እንዳለ በወረቀት ከረጢት በሚሸፈንበት ጊዜ ሊያግዝ እንደሚመጣ ተናገረ፤ መሰላል ግን መውጣት እንደማይችል ጨመረ።

አባቴ በመስኮቱ ወደ ዛፎቹ ተመለከተ።

"የታችኞቹን ቅርንጫፎች አልነካቸውም" አለው። "ቁጭ ብለህ ትሸፍናቸዋለህ።"