ያቺ እንባ

«እማማ፣ ትንሽ ወደ መስኮቱ ዞር ይበሉልኝ፤ ፊትዎ ጨለመብኝ» አለ ካሜራማኑ።

የቴሌቪዥን ሰዎች የለቅሶ ቤቱን ሶፋ ገፍተው መብራት ተክለዋል። ለቀስተኛው ሻዩን እንደያዘ ግድግዳ ሥር ተኮልኩሏል፤ ወይ ጉድ፣ ካሜራ መምጣቱን ሰምታ ከንፈሯን ቀለም ያስነካችም አልጠፋች! እናትየው ለመቀረጽ እሺ ያለችው ለልጇ ስትል ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ልጅቷን አገር ያወቃት ፊልም ላይ ባለቀሰችው ለቅሶ ሲሆን፣ እናትም ደንበኞቿን እየለካች «አያችሁልኝ ልጄን? እንዴት አድርጋ እንደምታለቅስ!» ስትል ኖራለች።

የዚያ ፊልም ዳይሬክተር ጥቁር ለብሶ እናትየው አጠገብ ተቀምጧል። ከልጅቷ አባት በዕድሜ ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ ያም ሆኖ አብረው ይኖሩ ነበር። ምን እንደምትበላ፣ ለማን እንደምትደውል የሚወስነው እሱ ነው። እናት ስትቆጣ ልጅቷ «ከሱ በላይ የሚያውቀኝ የለም» ትላታለች። ይኸው ባለፈው ሳምንት ተኝታ ሳትነቃ ቀረች።

«ያቺን የለቅሶ ትዕይንት እርስዎ ያያሉ፣ እኛ እርስዎን እንቀርጻለን» አለ ዳይሬክተሩ። «እንባዎ ከመጣ አይያዙት፤ ሕዝቡ አብሮዎት ያለቅሳል።»

ሜካፕ ሠሪዋ የእናትየውን ግንባር ፓውደር ልትቀባ ጎንበስ አለች። ያ ፊልም ሲሠራ የልጅቷንም ፊት የቀባችው እሷ ነበረች።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች በሹክሹክታ። «ያ ለቅሶ ትወና አይደለም። ቀረጻው ሊጀመር ሲል ዳይሬክተሩ ጠርቶ ‹እናትሽ ሞተች፣ አሁን ተደወለ› አላት። ውሸቱን መሆኑን የነገራት ቀርጾ ከጨረሰ በኋላ ነው። ሁላችንም አጨበጨብንለት።»

እናትየው ክው አለች። ያ ቀን ትዝ አላት። ልጇ ደውላ «እማዬ፣ ዝም ብለሽ አውሪኝ፣ ድምፅሽን ልስማው» ብላት ነበር። እሷ ደግሞ የሙሽራ ቀሚስ ደርሶባት «ሥራ ፈትተሻል እንዴ አንቺ? ማታ ደውዪ!» ብላ ዘጋችባት። ማታ አልደወለችም።

ዳይሬክተሩ ታብሌቱን ጭኗ ላይ አኖረና ፊልሙን ያለ ድምፅ ከፈተላት። «ዝግጁ ነዎት?»

«አንተ!» አለችው፣ እስከዛሬ አንቱ ስትለው የኖረችው ሴት። «ገድለኸኝ ነበር ለካ! ውጣልኝ ከቤቴ!»

ካሜራማኑ መብራቱን አጠፋ። ዳይሬክተሩ «ለጥበብ ሲባል እኮ...» ብሎ ዙሪያውን ቢያይ ዓይኑን የሚያየው አጣ። ተነስቶ ወጣ።

ታብሌቱ እዚያው ጭኗ ላይ ነው። ልጇ እያለቀሰች ነው። እናት ጉንጯ ላይ የምትወርደውን እንባ በአውራ ጣቷ ጠረገችላት። ጣቷ ሲነካው ፊልሙ ቆመ።

«አለሁ እኮ ልጄ» አለቻት። «አለሁ፤ አታልቅሺ።»