ጀፎረው ላይ የቆሙት እንጨቶች

ሰልሚያ ባሏን ሸረፋን የምታገኘው በዓመት አንዴ፣ ለአረፋ ነው። ነገሩ በአገሩ ብርቅ አይደለም። ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ወንዱ አዲስ አበባ ይነግዳል፣ ሴቷ እንሰቱን ይዛ ትቀራለች፣ በዓል ሲደርስ ይገናኛሉ። ሌሎቹ ሴቶች ለምደነዋል ይላሉ። እውነታቸውን ይሁን አይሁን እነሱ ያውቃሉ። ሰልሚያ ግን ልጆቿ አድገው አባታቸውን ከተከተሉ በኋላም አልለመደችውም። ሸረፋ በሄደ ሰሞን ትራሱን እያሸተተች ትተኛለች፤ ጠረኑ የጠፋ ዕለት ታለቅሳለች፣ ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወደ እንሰቷ ትወርዳለች።

ባለፈው አረፋ ታዲያ ሸረፋ ክትፎውን ጠግቦ በልቶ ጋደም እንዳለ፣ «ወላሂ ሰልሚያ፣ ሰለቸኝ» አላት። «እዚሁ ደጃችን ላይ የመለዋወጫ ሱቅ እከፍታለሁ። አሁን አገሩ ሁሉ ባጃጅና ሞተር ሆኗል። ጠቅልዬ እገባልሻለሁ።» ይህን ተናግሮ ማንኮራፋት ጀመረ። እሷ እስኪነጋ ዓይኗን አልከደነችም።

ደጃቸው ጀፎረ ነው። ጀፎረ በመንደሩ መሀል የተዘረጋ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ ቤቶች ግራና ቀኝ ፊታቸውን ወደሱ አዙረው ይቆማሉ፤ መንገዱም፣ ግጦሹም፣ ሠርጉም፣ ለቅሶውም እዚያው ነው። አጥሩን ስንዝር እንኳ ወደ ጀፎረ የገፋ ሰው በቂጫ፣ ማለትም በአገሩ ሕግ፣ ይቀጣል። ሰልሚያ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ግን ጓሮዋ እስከ አጥሩ ድረስ እንሰት ነው፣ ሱቅ ደግሞ ወደ መንገድ ወጣ ካላለ ማን ያየዋል? ቅቤ ሽጣ ወልቂጤ ወረደች፣ ባሕር ዛፍ አስጭና መጣች፣ ከአጥሯ ውጭ ጀፎረው ላይ ቋሚዎች አስተከለች፣ ማገርም አስመታች። ለሸረፋ በስልክ ትንፍሽ አላለችም። በዓይኑ እንዲያየው ነው የፈለገችው።

የጀፎረው ሽማግሌ ጋሽ ሀቢቡ በማግስቱ ከዘራቸውን ይዘው መጡ።

«አንቺ ሰልሚያ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሸረፋ ሲመጣ ራሱ ያስረዳዎታል፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ቋሚውን አዩት፣ እሷን አዩዋት፣ ከንፈራቸውን መጠጡና ሄዱ። ባሏ የራቃትን ሴት መቆጣት አይሆንላቸውም።

ቀጣዩ አረፋ የዋለው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነበር፤ ጎርፉ ድልድይ ይዞ ሄደና መኪና ቆመ። ሰልሚያ ስትብሰለሰል ስልኳ ጮኸ።

«በሰማይ ልመጣልሽ ነው!» አላት ሸረፋ እየሳቀ። ያረጋል የሚባል ደንበኛ አለው፣ የራሱን ትንሽ አውሮፕላን የሚያበር። «ጀፎራችን ሰፊ ነው፣ ልጅ ሆኜ ኳስ የተጫወትኩበት ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ ብዬዋለሁ። ከብቱን ብቻ አስነሱልኝ።»

መንደሩ ከሠርግ የበለጠ ሥራ በዛበት። ላሞቹ ተነዱ፣ ድንጋዩ ተለቀመ። ጋሽ ሀቢቡ ቋሚዎቹ ጋ ሲደርሱ፣ «እነዚህንም ንቀያቸው፣ ልጄ» አሏት።

ሰልሚያ እሺ አለች። መቆፈሪያም አነሳች። ግን እጇ እንጨቱ ላይ እንዳረፈ ልቧ እምቢ አላት። ዓመቱን ሙሉ የጠበቀችው እኮ ይህን ቀን ነው። ሸረፋ ከላይ ሆኖ መጀመሪያ የሚያየው ሱቁን ቢሆንስ? አውሮፕላን እንደሆነ ከሩቅ ነው የምታውቀው፤ በመንደሩ ላይ ሲያልፍ ከጭልፊት አይበልጥም። ይህ ሁሉ ሜዳ እንዴት ይጠበዋል? መቆፈሪያውን መልሳ አስቀመጠችና አዲሱን ቀሚሷን ለበሰች።

አውሮፕላኑ አንዴ በላያቸው ዞረ፣ ሕፃናቱ ጮኹ፣ ከዚያ ተመልሶ ዝቅ እያለ መጣ። ሲቀርብ እያደገ፣ እያደገ ሄደ። ሰልሚያ ክንፉ ከዚህ እስከዚያ መዘርጋቱን ስታይ፣ «ቁም!» ብላ ጮኸች፤ ማን ሊሰማት! ጎማው እርጥቡን ሣር ነካ፣ ተንሸራተተ፣ ወደሷ በኩል ሳብ አለ። የግራ ክንፉ ቋሚዎቹን መታና አውሮፕላኑ ባለበት ተሽከርክሮ በአፍንጫው አጥር ውስጥ ተሰካ። ውልብልቢቱ ተጣመመ።

አልሐምዱሊላህ፣ የሞተ የለም። ያረጋል ግንባሩ ተፈንክቶ በራሱ ወጣ። ሸረፋን ግን እግሩ ተሰብሮ ተሸክመው አወጡት። ወጌሻው እግሩን በቀርከሃ አሰረለትና ደጁ ላይ ፍራሽ ተነጥፎለት ተጋደመ። ሽማግሌዎቹ ከበቡት።

ያረጋል በነጠላ የታሰረ ግንባሩን ይዞ፣ «ሰፊ ነው ብለኸኝ ነበር» አለ።

«ሰፊ ነበር! ማነው እዚህ እንጨት የተከለው?» ሸረፋ በቁጣ ዙሪያውን አየ። «ጋሽ ሀቢቡ፣ እናንተ እያላችሁ ጀፎረ እንዲህ ይደፈራል?»

ጋሽ ሀቢቡ መሬት መሬቱን አዩ። ሰልሚያ ከሴቶቹ መሀል ወጣች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ለሱቁ ነው።»

«የምን ሱቅ?» አለ ሸረፋ።

ቢያውቅና ቢሸሽጋት ይሻላት ነበር። የእውነቱን ነው የጠየቃት፤ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ሰልሚያ ዓመቱን ሙሉ በዚያች በአንዲት ማታ ወሬ ስትኖር እሱ ወሬውን በማግስቱ ረስቶታል። ጋሽ ሀቢቡ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ቅጣቱን ሌላ ቀን እንነጋገራለን፣ በሉ ሰውየው ይረፍ» ብለው ሰዉን በተኑ።

ድልድዩ ሲጠገን ያረጋል የአውሮፕላኑን ስብርባሪ በጭነት መኪና አስጭኖ ሄደ፤ ሸረፋ ግን ቀረ። ስንት ዘመን የተመኘችው ሰው ከጎኗ ነው፤ ታጥበዋለች፣ ታበላዋለች፣ ትንፋሹን እየሰማች ታድራለች። እሱ ግን ቀን ቀን በስልክ አዲስ አበባ ነው፤ ስለ ዕቃው፣ ስለ ደንበኛው። ሰልሚያን አጠገቧ እያለ ይናፍቃት ጀመር። የምትናፍቀው ያን ማታ «ጠቅልዬ እገባልሻለሁ» ያላትን ሰው ነው።

ቋሚዎቹን ራሷ ነቅላ ፈለጠቻቸው፤ ምግቡን ያበሰለችበት እንጨት እሱ ነው። ከማገሩ ግን አንዱን አስቀርታ ልጣ፣ አለስልሳ፣ ክራንች አበጀችለት።

አጥንቱ ጠገገ። ሸረፋ ክራንቹን ብብቱ ሥር አድርጎ ጀፎረውን ተሻገረ፤ እሷ ሻንጣውን ይዛ ተከተለችው። ሚኒባሱ ሲመጣ ቆም አለና እንጨቱን በመዳፉ ዳሰሰው። ከየት እንደመጣ ገብቶታል።

«ሰልሚያ፣ ለሚመጣው አረፋ ወላሂ ሱቁን…»

አፉን በእጇ ያዘችው። ሰው ሁሉ እያየ፣ ባገሯ ያልተለመደ ነገር።

«ቃል አትግባልኝ» አለችው። «ዝም ብለህ ና።»