በጥርስ የተገመሰች ክኒን

ሾፌሩ ሃያ አራት ዓመት የጭነት መኪና ሲነዳ ዳገቱንም ጭቃውንም ችሎታል። የዚያን ቀን ጠዋት ግን አንዲት የፕላስቲክ ወንበር ላይ አርፎ መቀመጥ አቃተው። ከፊቱ ሐኪሟ አለች፤ ከጎኑ ሚስቱ። የምርመራው አልጋ ጫፍ ላይ ደግሞ ቤት ውስጥ ሚጡ የሚሏት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጁ እግሯን እያርገፈገፈች ተቀምጣለች።

ከትናንት በስቲያ ሚጡ ፈተና ላይ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንዳየች ትንፋሽ አጠራት። "እየሞትኩ ነው!" ብላ ጮኻ፣ አንድ ጫማዋን ጥላ፣ እግሬ አውጪኝ አለች። ቦርሳዋ ሲፈተሽ ከእርሳስ መያዣዋ ውስጥ በሶፍት የተጠቀለሉ ነጫጭ ክኒኖች ወጡ።

ሐኪሟ የደም ግፊት መለኪያውን ሚጡ ክንድ ላይ እያሰረች ሳለ ኮሪደሩ ላይ በር ተላተመ። ሚጡ ከነመለኪያው ዘላ ተነሳች።

"በር ነው፣ አይዞሽ፣" አለች ሐኪሟ። ከዚያ ወደ ወላጆቹ ዞረች። "ይኼ ክኒን እንቅልፍ ብቻ አይደለም የሚያባርረው። ሰውነት አደጋ ሲያይ የሚያስጮኸውን ደወል ያስጮኸዋል። በእሷ ዕድሜ ጭንቅላት ገና እየተሠራ ነው። ደጋግማ ስትወስደው ደወሉ እንደ ድሮው ቶሎ ዝም አይልም፤ ለበርም ለፈተናም እኩል ይጮኻል። ቤት ውስጥስ ምን አያችሁ?"

"ምን ያላየነው አለ ዶክተር!" አለች እናት። "ሳህን ሲወድቅ ታለቅሳለች። ጎረቤት ከሳቀ በእኔ ነው የሚስቁት ትላለች። እኔ ሞኟ የፈተና ጭንቀት መስሎኝ!"

"ከየት አገኘሽው?" ሐኪሟ ልጅቷን ጠየቀች።

ሚጡ አባቷን አላየችውም። "ሳቂታ ናት የሰጠችኝ።"

ሳቂታ የጎረቤት ልጅ ናት፣ የሚጡ የልብ ጓደኛ። እናት ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ብድግ አለች። "ቤቴ ስትገባ ስትወጣ የኖረች ልጅ! አሁኑኑ ርዕሰ መምህሩ ጋ ሄጄ ካላስባረርኳት!"

ሳቂታ እንኳን ክኒን ከረሜላም ለሰው አትሰጥም። ይህን ሾፌሩ ያውቃል። ክኒኑ ከየት እንደመጣም ያውቃል፤ እዚሁ ደረቱ ኪስ ውስጥ በትንሽ ቆርቆሮ ተቀምጧል። ከአራት ወር በፊት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሚጡ የሒሳብ ደብተሯ ላይ ስታንቀላፋ አንጀቱን በላችው። አንዷን ክኒን በፊት ጥርሱ ገምሶ "ይቺን ያዢ፣ እኔን ያን ሁሉ መንገድ የምታደርሰኝ እሷ ናት" አላት። ልጅቷ የሰኞውን የሒሳብ ፈተና ደፈነች። እሱም ጓደኞቹ ፊት ደረቱን ነፋ። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮው ቶሎ ቶሎ ይጎድል ጀመር፤ ሾፌሩም ለራሱ "እኔው ነኝ ያበዛሁት" እያለ መኪናውን አስነሳ።

አሁን ቢናገርና መሥሪያ ቤቱ ቢሰማ የመኪናውን ቁልፍ ይቀበለዋል። ዝም ቢል የሰው ልጅ ከትምህርት ቤት ትባረራለች። ዝም አለ። ይህን ስጽፍ እኔም አፈርኩለት።

"ሙሉውን ነው የምትወስጂው?" አለች ሐኪሟ።

"አሁን ሙሉውን። መጀመሪያ ግን በጥርሴ እገምሰው ነበር።"

በሩ ላይ የደረሰችው እናት ቆመች። እዚያ ቤት የራስ ምታት ክኒን ሳይቀር በጥርሱ የሚገምስ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አንድ እጁ ሁልጊዜ መሪ ላይ የሆነ ሰው። ዞራ ባሏን አየችው። ተመልሳ ተቀመጠችና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቀፈች።

"ለማንኛውም ዶክተር፣" አለች፣ "ከየትም ይምጣ፤ ቤታችን እንነጋገርበታለን።"

ሾፌሩ ይኼኔ ነው ክው ያለው። ልጁ ዋሸችለት፤ ሚስቱም ልትሸፍንለት ነው። ሁለቱ ተሸክመውት ከዚያች ክፍል ሊወጡ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲጭን የኖረ ሰውዬ ራሱ ጭነት ሆኖ አረፈው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው።

"ዶክተር፣" አለ አንገቱን ደፍቶ። "የጎረቤት ልጅ የለችበትም። እኔ ነኝ የሰጠኋት።" ቆርቆሮውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"አንዴ ብቻ እኮ ነው የሰጠኝ!" ሚጡ ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "ሌላውን እኔ ነኝ የሰረቅኩት። እሱ አያውቅም ዶክተር፣ በእናትዎ፣ ምንም አያውቅም!"

ሾፌሩ እዚህ ላይ ቢያቆም ይችል ነበር። ልጁ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታለታለች።

"አውቅ ነበር፣ ሚጡ።"

ልጅቷ እግሯን ማርገፍገፍ አቆመች። "ስወስድ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ አባዬ?"

ሾፌሩ መልሱን ፈልጎ አላጣውም፤ አራት ወር ሙሉ ሲሸሸው የኖረው ነው።

"አትውሰጂ ብልሽ፣" አለ፣ "‹አንተስ?› ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።"

ሐኪሟ መለኪያውን ከልጅቷ ክንድ ፈታችና የእሱንም ግፊት ልትለካ ወንበሯን ወደሱ ሳበች። የሸሚዙን እጅጌ ሊሰበስብ ቢሞክር ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። ሚጡ ከአልጋው ወርዳ፣ ፊቱን ሳታየው፣ ጠቀለለችለት።