ባዶውን ሊያዩ የመጡ እንግዶች

ዶክተር ንጋቷ ዳይሬክተሩን መናቅ የጀመረችው ገና በመጀመሪያው ስብሰባ ነው፤ ዘንድሮ ግን ንቀቷ ከልክ አለፈ። ደብረ ብርሃን ባለው የምርምር ተቋም የእሷ ሥራ ኮባልትን በሌዘር ማትነን፣ ከተነነውም ውስጥ አምስት ስድስት አቶም ሆነው የተጣበቁትን ዘለላዎች ጥቂት ኦክስጅን አቅምሶ የሚሆኑትን ማየት ነበር። አንዱ ዘለላ ኦክስጅኑን ገና ሲያገኘው ይሻማል፤ አንድ አቶም ብቻ የተጨመረበት ወንድሙ ደግሞ ይኮራል። ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለማወቅ ነበር በርሜል የሚያህለውን መሣሪያዋን አየሩን በፓምፕ እያስመጠጠች ክረምት ከበጋ የምትደክመው።

ዳይሬክተሩ እሱባለው ከዚህ ሁሉ የገባው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሥራዋን ስታስረዳው፣ ብረት የሚዝገውም ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ነው ብላ ምሳሌ ሰጥታው ነበርና ምሳሌዋን ይዞ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ፣ ተቋሙ ዝገትን ድል ሊነሣ ጥቂት እንደቀረው፣ የእነዋሪ ገበሬ ማረሻውን፣ የመዘዞ ነጋዴም የቤቱን ቆርቆሮ ሳይዝግ ለልጅ ልጁ እንደሚያወርስ ተናገረ። ድምፁ የሰባኪ ነበር።

ቢሮው ሄዳ፣ የእሷ ዘለላ ዓይን የማያየው፣ ከቤት ክዳን ጋርም የማይገናኝ ነገር መሆኑን ነገረችው። እሱ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ትሕትናዋን አደነቀ፤ ነገር ግን ትሕትና ለተቋም አይበጅም ብሎ መከራት። ቀጥሎም መሣሪያው እንግዶች ለሚመጡበት ጉብኝት አረንጓዴ ቢቀባ ምን እንደሚመስላት ጠየቃት። ተነሥታ ወጣች።

የጉብኝቱ ቀን ከየቢሮው ሹማምንት፣ ከየወረዳው ሽማግሌዎች ተጠሩ። ከአንኮበር ከመጡት መካከል የገዛ አባቷ መሪጌታ ወልደተንሣኤ ነበሩ። ሬዲዮውን ሰምተው ለደብሩ ሰው "የእኔ ልጅ ናት" ብለዋል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ዝጎ ስለሚያፈስ መድኃኒቱን ይዘው ሊመለሱ ተስፋ አድርገዋል። ይህን በኩራት ሲነግሯት ንጋቷ ፊቷ ጋለ። እሱባለው ሹማምንቱን ቢያታልል ግድ አልነበራትም፤ የሚታለሉት ወደውና ፈቅደው ነው። አባቷን ግን!

ወደ ጥግ ወሰደቻቸው።

"አባዬ፣ ውሸት ነው። ለጣሪያ የሚሆን ምንም የለኝም።"

"ሬዲዮውስ?"

"ሬዲዮው የነገሩትን ነው የሚያወራው።"

መሪጌታ ነጠላቸውን አጣፍተው እንግዶቹን ተከተሉ።

ላቦራቶሪው ውስጥ እሱባለው መሣሪያውን እንደ ገዛው በሬ መታ መታ አድርጎ፣ እንግዶቹ ዘለላውን እንዲያዩት ክፈቺው አላት። እሷም ሁሉም እየሰማ፣ ውስጡ አየር እንደሌለው፣ ከተከፈተ የክፍሉ አየር ገብቶ የወራት ልፋቷ ገደል እንደሚገባ አስረዳች።

"ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው የመጣው የተዘጋ በርሜል ሊያይ ነው?" አለ እየሳቀ። ሹማምንቱም አብረው ሳቁ።

አልከፍትም ብትል ማንም አያስገድዳትም ነበር። ነገር ግን የእሱባለውን ክራቫት አየችው፤ ሲናገር ራሳቸውን የሚነቀንቁትንም አየች፤ አንገሸገሿት። ፓምፑን አጠፋች፤ የክፍሉን አየር ለቀቀችበት፤ እያፏጨ ገባ። መፍቻ አንሥታ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታች። እንግዶቹ ስልካቸውን ደግነው ተጋፉ። ክዳኑ ሲነሣ የሚያብረቀርቅ የብረት ሆድና ጥቂት ሽቦ ታየ።

"ባዶ ነው እኮ" አሉ አንድ ሽማግሌ።

"ባዶ ነበር" አለች ንጋቷ። "አሁን አየር ሞላው።"

እሱባለው ዓይኑን እንኳ አላሸም። "እንደምታዩት፣ ከመርቀቁ የተነሣ አይታይም" አለ፤ ቤቱም በጭብጨባ ተሞላ።

መሪጌታ አላጨበጨቡም። ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ድረስ ስትሸኛቸው ነፋሱ ነጠላቸውን ይገልበው ነበር።

"ለምን ከፈትሽው?" አሉ መሪጌታ።

"ባዶነቱን ሰው ሁሉ እንዲያይበት ብዬ።"

"ሰውማ አጨበጨበ። የተቃጠለው ያንቺ ድካም ነው።" ከዚያም እውነቱን ለደብሩ ሰው ራሳቸው እንደሚነግሩ፣ ያወሩት እሳቸው ናቸውና እፍረቱም የእሳቸው እንደሆነ ነግረዋት መኪናው ውስጥ ገቡ።

እሱባለው በዚያ ጉብኝት የምስክር ወረቀት ተሸለመ፤ ከተከፈተው መሣሪያ አጠገብ የተነሣውንም ፎቶ በየስብሰባው ያሳይ ጀመር። እሷ ኮባልቱን ቀይራ፣ ብሎኖቹን አጥብቃ ፓምፑን እንደገና አስነሣች። ሌሎች እንግዶች ይዞ ሲመጣ ግን በሩን ከውስጥ ቆልፋ ነበር። አንኳኳ፤ ደግሞ አንኳኳ። ከዚያ ደጁ ላይ እንደቆመ፣ ታላቅ ምርምር በመካሄድ ላይ ስለሆነ መግባት እንደማይቻል ለእንግዶቹ ሲያስረዳ ሰማችው። ስለ ዝገትም ቀጠለ። ንጋቷ ከወንበሯ አልተነሣችም።