ደህና ነኝ የሚል አፍ

ታናሽ ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። ዕድሜውን ሙሉ «ነገ ይደርሳል» ሲል የኖረ አፍ ክፉ ወሬ አይወጣውም። ሊገድለው የነበረውም ይኸው አመሉ ነው።

መጀመሪያ የስፌት መኪናውን የሚረግጥበት እግሩ ዛለ። ድካም ነው አለ። ከዚያ ጉልበቱ ከዳው፤ ሳምንት ሳይሞላ እጁ መቀስ አልጨብጥ አለ። ሐኪሙ የገዛ ደሙ ጠላት ሆኖበት ነርቮቹን እያጠቃ መሆኑን ነገረን። ሽባነቱ ወደ ላይ እየወጣ ስለሆነ፣ ትንፋሹ ላይ ሳይደርስ የደሙን ፈሳሽ አውጥተን በንጹህ እንተካለን አለ። ከደረሰስ አልኩት። የምፈርመውን ወረቀት ሰጠኝ።

ማሽኑ አልጋው አጠገብ ተተከለ። ደሙ በቱቦ ይወጣል፣ ቢጫው ፈሳሽ ተለይቶ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ቀዩ ከአዲሱ ፈሳሽ ጋር ይመለስለታል። ነርሷ ገና ሳትጀምር አስጠንቅቃዋለች፤ ከንፈርህን ከነዘረህ ቶሎ ንገረኝ፣ ካልሲየምህ ወርዷል ማለት ነው፣ ልብህን ያዛባዋል ብላ። እሺ አለ። እሺ ማለት መቼ አልቆበት ያውቃል።

በየመሀሉ ትጠይቀዋለች። ደህና ነኝ ይላታል። ትንሽ ቆይታ ስትደግምለትም ደህና ነኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ግን ፊቱን ነበር የማየው። ከንፈሩን ይልሳል፣ ይነክሳል፣ ኋላማ ትራሱ ላይ ያሸው ጀመር።

«ይዋሻል» አልኳት። «እሱን አትስሚው፣ ከንፈሩን እዪው።»

ነርሷ ማሽኑን አቆመች። ያኔ መንጋጋው ተቆልፎ ነበር፤ የልቡን ምት የሚያሳየው ስክሪን መጮህ ጀመረ። የጎደለውን ካልሲየም በደም ሥሩ ስትሰጠው አፌን በእጄ ይዤ ቆምኩ። ለፈጣሪ ስንት ስለት እንደተሳልኩ እሱ ይወቀው። ቀስ በቀስ ጩኸቱ በረደ።

ነፍስ ሲዘራ ወረድኩበት። አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ደንበኛ የለብህ፣ ለማን ነው የምታሳምረው አልኩት።

«አንቺ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው፣ እትዬ» አለኝ።

አንጀቴን በላው። ቁጣዬ ግን አልበረደም።

ከዚያ ወዲያ ነርሷ የምትጠይቀው እኔን ሆነ። ማሽኑ እየተመላለሰ ደሙን አጠበለት። ሽባነቱ ደረቱ ሥር ሲደርስ ቆመ፤ አይወጣም፣ አይወርድም። እግሩን ብቆነጥጠው እንደ ግንድ ነው።

አንድ ጠዋት አልጋው ግርጌ ቁጭ ብዬ ብርድ ልብሱን ሳስተካክል ፊቱ ተኮማተረ። ምን ሆንክ አልኩት። አፉ ለተለመደው መልስ ተከፍቶ ነበር፤ አየኝና ተወው።

«እግሬን አመመኝ፣ እትዬ» አለ። «ጣቶቼን ተጭነሽኛል።»

እውነትም ክርኔ ጣቶቹ ላይ ነበር። ማንሳቱን ረስቼ፣ እዚያው እንደተደገፍኩ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።