እሳት የማይበላው ስፖንጅ

አሰላ ውስጥ ሶፋ አድሳለሁ፤ ጉደታ እባላለሁ። ወሬ እወዳለሁ፣ ደንበኛ ፊት ደግሞ ይብስብኛል። ከአሮጌ መኪና ወንበርና ከተጣለ የቢሮ ሶፋ ያወጣሁትን ስፖንጅ ክብሪት ጭሬ አስጠጋበትና «ይኸው፣ ይጠቁራል እንጂ አይነድም፤ የፈረንጅ ሥራ ነው» እላለሁ። ለምን እንደማይነድ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ቁርጥራጩን በነፃ አድላለሁ። በጭላሎ ብርድ ዶሮ በደንብ አትጥልም፤ ስለዚህ ጎረቤቴ እትዬ በቀለች የዶሮ ቤታቸውን ወለል በእኔ ስፖንጅ ሞሉት። ዶሮዎቹ እየጫሩ ሲለቅሙት አይተን ስቀናል። እንቁላሉን አይሸጡትም። ከቤተ ክርስቲያናችን የወለደች ካለች ለአራሷ ይወስዱላታል። «ያንተም በረከት አለበት» ሲሉኝ እኮራ ነበር።

ባለፈው ዓመት ፈናን የምትባል ተመራማሪ መጥታ ከየቤቱ እንቁላል ሰበሰበች። ከወራት በኋላ ተመልሳ እትዬ በቀለች ግቢ ቆማ ነገረችን። ስፖንጁን እሳት እንዳይበላው የተጨመረበት ኬሚካል እንቁላሉ ውስጥ ገብቷል። በቀላሉ አይጠፋም፤ ሰውነት ስብ ውስጥ ተቀምጦ በጡት ወተት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ የሕፃን እድገት ሊያውክ ይችላል። እትዬ በቀለች ያበሏቸውን አራሶች በስም እየጠሩ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

«ስፖንጁን ከየት አመጡት እማማ? ሌላ ቤትም ካለ ቶሎ መነሳት አለበት» አለች ፈናን።

እትዬ በቀለች አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ከሳጉሬ ገበያ ነው የገዛሁት። ሻጩን አላውቀውም» አሉ።

ሲዋሹ ሰምቻቸው አላውቅም። ያ ሁሉ ወሬዬ የት እንደገባ እንጃ፣ ዝም አልኩ። ደንበኛ ይሸሸኛል ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

የእንቁላሉ ወሬ ሰፈሩን ዞረ፤ ስፖንጁ የሳጉሬ ገበያ ነው ስለተባለ ግን የእኔን የጠረጠረ አልነበረም። እትዬ በቀለች አንዲት አራስ ሊጠይቁ አጥሚት ይዘው ቢሄዱ፣ አራሷ ተቀብላ ሳትቀምሰው አስቀመጠችው አሉ። ሰማሁ፣ አፈርኩ፣ ግን ወደ ሶፋ ሥራዬ ተመለስኩ።

እሑድ በምስክርነት ሰዓት እትዬ በቀለች ተነሱ። «ወገኖች፣ ለእንግዳ ሰው ዋሽቻለሁ። ስፖንጁን ከገበያ አልገዛሁትም። የሰው ስም አልጠራም፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ» ብለው ተቀመጡ። ፓስተሩ ጸለየላቸው። እኔም ከሁሉ ድምፄን ጎላ አድርጌ አሜን አልኩ። ያን አሜን ባስታወስኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል።

ስንወጣ እትዬ በቀለች በር ላይ ጠበቁኝ።

«ለቱፋ ቤትም ለዶሮዎቻቸው ሰጥተሃል። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት» አሉኝ በቀስታ። «እዚያስ ማን ይዋሽልህ?»

በቀጥታ ቱፋ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ አይናለም አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ በሩን ከፈተችልኝ።

«ጋሼ ጉደታ፣ ያ ስፖንጅ እኮ ጉድ ነው! ዶሮዎቹ ሳይጥሉ የሚውሉበት ቀን የለም። ደግሞ አመጡልን?»

«አይ፣ ልወስደው ነው የመጣሁት።»

«ምነው?»

ፈገግ እንዳለች ትጠብቀኛለች። ከጓዳ የእንቁላል ጥብስ ይሸታል።

«መጀመሪያ መጥበሻውን አውርጂው» አልኳት። «እንዳትበይው። ቤትሽ መርዝ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»